ከሰሜን ሸዋ ባዛልት የፕሌቶችን ጥንታዊ ጉዞ ማስላት፦ ከገደሉ እስከ ስሌቱ

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች ከጣርማበር፣ ከአንኮበር ወይም ከጀማ ሸለቆ በማዳበሪያ ሙሉ ድንጋይ ይዘው ይመለሳሉ። ላብራቶሪ ሲገባ ግን አንዱ ናሙና ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ምዕራብ፣ ሦስተኛው ወደ ሰማይ ያመለክታል። ያ ሁሉ ድካም ውሃ በላው ማለት ነው። ማሽኑን አትውቀሱ። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ ከመነቀሉ በፊት ባሉት አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚሠራው። ይህ መመሪያም እዚያ ላይ ይበረታል።

ሐሳቡ አጭር ነው። ላቫ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉ የብረት ማዕድናት፣ በተለይ ማግኔታይት፣ በዚያን ጊዜ የነበረውን የምድር መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ይይዛሉ። ያንን አቅጣጫ ከለካችሁ አለቱ በየትኛው ኬክሮስ ላይ እንደቀዘቀዘ ታሰላላችሁ። ዕድሜውን ካወቃችሁ ደግሞ ፕሌቱ፣ ማለትም አለቱን ተሸክሞ የሚንቀሳቀሰው የምድር ቅርፊት ክፍል፣ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደተጓዘ ይወጣል።

## ከመነሳታችሁ በፊት፦ ከዚህ ድንጋይ ምን መጠበቅ አለባችሁ?

የሰሜን ሸዋ አምባ ባዛልት በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ የፈሰሰ ነው። ከላይ ያሉት እንደ መገዘዝ ያሉ ተራሮች ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ዕድሜ አላቸው። ስለዚህ ከዚህ የምታገኙት የአፍሪካን የሰሜን ጉዞና የአፍሪካና የዓረቢያን መለያየት ታሪክ ነው። ፕሌቶች መጀመሪያ መቼ መንቀሳቀስ ጀመሩ የሚለው ጥያቄ እንደ ምዕራብ አውስትራሊያው ፒልባራ ያሉ በጣም ያረጁ አለቶችን ይጠይቃል። እዚያ 3.2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ያለው ባዛልት ተለክቶ፣ መሬቱ በዓመት ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀስ እንደነበር በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የሥራው ቅደም ተከተል ግን አንድ ነው። በሸዋ ላቫ ላይ በትክክል መሥራት ያልቻለ በፒልባራም አይችልም።

## ደረጃ 1፦ ወቅት፣ ፈቃድ፣ ዕቃ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ምረጡ። በክረምት ጀማም ወንጪትም ይሞላሉ፤ ገደሉ ይንሸራተታል፤ ፀሐይም የለም። በበጋም ቢሆን ጣርማበር ላይ ጠዋት ጉም አለ። የፀሐይ ኮምፓስ የምትጠቀሙ ከሆነ ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቁ።

መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም አጣሩ። ከዩኒቨርሲቲያችሁ የትብብር ደብዳቤ ያዙና ወረዳው ጋ፣ ከዚያ ቀበሌው ጋ ሂዱ። ደብዳቤው ብቻ አይበቃም። የመሬቱን ባለቤት ፈልጉና ሰላምታ አቅርቡ። የመሰርሰሪያ ጩኸት ሰው ይሰበስባል፤ የመጀመሪያው ጥያቄም ይታወቃል።

«ልጆቼ፣ ወርቅ አገኛችሁ እንዴ?»

«የለም አባባ፣ ድንጋዩ ስንት ዓመት እንደሆነውና ከየት እንደመጣ ልናውቅ ነው።»

እውነቱን በአጭሩ ንገሩ፤ የተቆረጠውንም አሳዩ። ይህን ሳያደርጉ መሰርሰር የጀመሩ ሰዎች ሥራቸው ከቀትር በፊት ይቆማል። ናሙናው ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ደግሞ የመላኪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። እሱን ከመስክ በፊት ጀምሩት፤ ወረቀት ጊዜ ይበላል።

የሚያዘው ዕቃ፦

- በውሃ የሚቀዘቅዝ ተንቀሳቃሽ መሰርሰሪያ፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኮር (ድቡልቡል የድንጋይ ዘንግ) የሚያወጣ የአልማዝ አፍ ያለው። ከሌላችሁ ጄሶ ያዙ፤ ከታች ተብራርቷል።
- ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ። ገደል ላይ ምንጭ አለ ብላችሁ አትመኑ።
- የጂኦሎጂ ኮምፓስ፣ የፀሐይ ኮምፓስ፣ የኮር አቅጣጫ መለኪያ።
- የናስ ወይም የመዳብ ሽቦ፣ ውሃ የማያጠፋው ማርከር፣ ትንሽ ውሃ ልክ፣ መዶሻና መሮ።
- ጂፒኤስ፣ ደብተር፣ እርሳስ። እስክሪብቶ በብርድና በውሃ ያስቸግራል።

ሞባይል፣ ቁልፍና የብረት ዘለበት ያለው ቀበቶ ከኮምፓሱ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ። መዶሻውም እንዲሁ።

## ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ድንጋይ መምረጥ

ከቦታው ያልተነቃነቀ መሆኑን አረጋግጡ። ደብረ ሲና አካባቢ የመሬት መንሸራተት የታወቀ ነው። ቤት የሚያህል ባዛልት ከላይ ተንሸራትቶ ወርዶ፣ እዚያው የበቀለ መስሎ ይቆማል። ስለዚህ ራቅ ብላችሁ እዩት። ዓምድ ዓምድ ሆኖ የተሰነጠቀ ከሆነ ዓምዶቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ ዓይነት አቋም አላቸው ወይ? የላቫው ወለል ግራና ቀኝ ይቀጥላል ወይ? ካልቀጠለ ተዉት፤ የቱንም ያህል ቢያምር።

ከተራራ ጫፍ ሽሹ። ጫፍ ላይ ያለ ድንጋይ መብረቅ መትቶት ሊሆን ይችላል። መብረቅ የድሮውን መግነጢስ ደምስሶ የራሱን ይጽፋል። ምርመራው ቀላል ነው፦ ኮምፓሱን ከድንጋዩ ፊት አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን አንሸራቱት። መርፌው እዚህም እዚያም የሚዋዥቅ ከሆነ ቦታውን ቀይሩ። የሸለቆ ግድግዳ፣ የመንገድ ቁርጥና የድንጋይ ካባ ከጫፍ ይሻላሉ። ከሙከጡሪ በለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ ላቫዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚፈለገው።

ከላቫው መሐል ቁረጡ። የላይኛው ክፍል በአየር ቀዳዳ የተሞላ ነው፤ ቀዳዳዎቹም ብዙ ጊዜ በነጭ ማዕድን ተደፍነዋል። ያ ውሃ እንደዞረበት ምልክት ነው። መዶሻ ሲያርፍበት የሚያቃጭል፣ ሲሰበር ጥቁር ግራጫ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ፈልጉ። ድም ብሎ የሚሰበርና ውስጡ ቡናማ የሆነውን ተዉት።

ከታች ወደ ላይ ቁጠሩ። የመጀመሪያውን ላቫ 01 በሉ። በሁለት ላቫ መካከል ቀይ የተጠበሰ አፈር ካገኛችሁ እሰየው ነው። አንደኛ፣ ሁለቱ ላቫዎች የተለያዩ መሆናቸውን ይነግራችኋል። ሁለተኛ፣ ላቫው የጠበሰው አፈር ከላቫው ጋር ተመሳሳይ መግነጢሳዊ አቅጣጫ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ከአፈሩም ናሙና ውሰዱ፤ ለውጤታችሁ ምስክር ይሆናል።

ስንት? ከአንድ ላቫ 8 ያህል ኮር፣ ላቫውን ተከትላችሁ በተበታተነ ቦታ። ላቫዎቹ ደግሞ 25 እና ከዚያ በላይ ቢሆኑ ይመረጣል። አንድ ላቫ የአንድ አፍታ ፎቶ ነው። የምድር መግነጢሳዊ መስክ በየመቶ ዓመቱ ይወዛወዛል፤ አማካዩን ለማግኘት ብዙ ሺህ ዓመታትን የሚሸፍን ክምር ያስፈልጋል። ከአንድ ላቫ 60 ኮር ቆርጦ «ብዙ ናሙና አለኝ» ማለት አያዋጣም።

## ደረጃ 3፦ አቅጣጫውን መያዝ

ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። ሌላው ሁሉ ሊደገም ይችላል፤ የተነቀለ ድንጋይ ግን ወደ ቦታው አይመለስም።

በመሰርሰሪያ ከሆነ፦

1. ውሃውን ክፈቱ፣ ከዚያ ሞተሩን። በደረቁ አትሰርስሩ፤ የአልማዙ አፍ ይቃጠላል።
2. ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ግቡ። መሰርሰሪያውን ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ።
3. ኮሩ ገና ከሥሩ እንደተያያዘ የአቅጣጫ መለኪያውን ቱቦ አልብሱት። በውሃ ልኩ አስተካክሉ።
4. የኮሩን አዚሙት (ከሰሜን ተነስቶ የሚለካ የአቅጣጫ ማዕዘን) እና ወደ ታች የሚያዘነብልበትን ማዕዘን አንብቡ። አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይጻፍ፣ የጻፈው ጮክ ብሎ ይድገመው።
5. በቱቦው ስንጥቅ የናስ ሽቦ አስገብታችሁ በኮሩ ራስ ላይ መስመር አስምሩ።
6. አሁን ብቻ በመሮ ፈንቅላችሁ አውጡት። በመስመሩ ላይ ወደ ድንጋዩ ውስጥ የሚያመለክቱ ትንንሽ ቀስቶች ጨምሩ፤ ቁጥሩንም ጻፉ።

ቀስቱ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ። ግማሹ ቡድን ወደ ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ያመለከተበት ሥራ ላብራቶሪ ገብቶ የሚያስለቅስ ነው።

መሰርሰሪያ ከሌለ፣ በጄሶ፦ ከዋናው አለት ጋር በደንብ የተያያዘና በመሮ ሊፈነቀል የሚችል ጉብታ ምረጡ። ጄሶውን እንደ ወፍራም ገንፎ ለውሱና ላዩ ላይ ለጥፉ። ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ጫኑበትና በውሃ ልክ በሁለቱም አቅጣጫ አስተካክሉ። ሲደርቅ ፕላስቲኩን አንሱ። አሁን ፍጹም አግድም የሆነ ነጭ ገጽ አላችሁ። የሰሜን ቀስት ሣሉበት፤ «ላይ» ብላችሁም ጻፉ። ከዚያ ፈንቅሉት። የራስ ቅል የሚያህል ይበቃል፤ ኮሩ ላብራቶሪ ውስጥ ይቆረጣል። ርካሽ ዘዴ ነው፤ በጥንቃቄ ከተሠራም አያሳፍርም።

የኮምፓሱን ታማኝነት ፈትኑ። ባዛልት ራሱ ማግኔት ስለሆነ መርፌውን ይጎትታል። ከድንጋዩ አጠገብ ሆናችሁ ሩቅ ያለ ምልክት፣ ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ አነጣጥሩና አንብቡ። በዚያው መስመር አሥር ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዳችሁ ድገሙ። ልዩነቱ ከ3 ዲግሪ ከበለጠ ኮምፓሱን ለዚያ ቦታ አትመኑት። የፀሐይ ኮምፓስ ተጠቀሙ።

የፀሐይ ኮምፓስና የእኛ ሰዓት። ይህ ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ የማይነግራችሁ ወጥመድ ነው። የፀሐይ ኮምፓስ ጥላ ነው የሚያነበው፤ ጥላው ወደ አዚሙት የሚለወጠው ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው በትክክል ከታወቀ ነው። ስሌቱን የሚሠራው ፕሮግራም የግሪንዊች ሰዓትና የአውሮፓ ቀን ይፈልጋል። ደብተራችሁ ላይ «ኅዳር 12 ቀን 2017፣ ረፋድ 4:30» ካላችሁ፣ ይህ ኖቬምበር 21 ቀን 2024፣ 10:30 ነው፤ በግሪንዊች ደግሞ 7:30። ሰዓቱን በሁለቱም አጻጻፍ መዝግቡ። «4:30» ብቻ ብላችሁ ከተዋችሁት ከወር በኋላ የትኛው እንደሆነ ትጣላላችሁ።

በቀትር አታንብቡ። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ገደማ አናት ላይ ትመጣለች፤ ጥላው ያጥራል፤ የአንድ ደቂቃ ስህተት ብዙ ዲግሪ ይሆናል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሥሩ።

ችግር ሲፈጠር፦

- *ኮሩ መስመር ሳይሠመርበት ተሰበረ።* ስብራቱ ከሥሩ ጋር ቁልጭ ብሎ የሚገጥም ከሆነ መልሳችሁ አስገቡት፣ ለኩት፣ ደብተሩ ላይ «ተሰብሮ የተመለሰ» ብላችሁ ጻፉ። መግጠሙን ከተጠራጠራችሁ ጣሉት።
- *ማርከሩ ለቀቀ።* የናስ ሽቦው መስመር ይቀራል። ለዚህ ነው ሁለቱንም የምታደርጉት።
- *ደመና ገባ።* መስመሩን አስምሩ፣ በኮምፓስ ለኩ፣ ከድንጋዩ ወደ ሁለት የታወቁ ምልክቶች ያለውን አቅጣጫ መዝግቡ። ከጂፒኤስ ነጥቦች እውነተኛውን ሰሜን በኋላ ታሰላላችሁ።

## ደረጃ 4፦ ያዘነበለ ላቫ

ላቫው ከቀዘቀዘ በኋላ መሬቱ አዘንብሎ ከሆነ የምትለኩት አቅጣጫም አብሮ አዘንብሏል። ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ከባዱ ነገር መቼ መመለስ እንዳለበትና መቼ እንደሌለበት ማወቅ ነው።

ከደብረ ሲናና ከአንኮበር ወደ አፋር የሚወርደው ቁልቁለት በስብራት የተቆራረጠ ነው። እዚያ ላቫዎቹ በእርግጥ አዘንብለዋል፤ ትንንሽ ብሎኮች በራሳቸው ዙሪያ ዞረውም ሊሆን ይችላል። የዞረ ብሎክ ስለራሱ እንጂ ስለ ፕሌቱ አይናገርም። ለፕሌት ጉዞ ከሆነ አምባው ላይ፣ ጠፍጣፋው ወገን ሥሩ።

መገዘዝን በመሰለ ጋሻ እሳተ ገሞራ (ጎኑ እንደ ጋሻ ለስለስ ብሎ የሚያዘነብል) ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የተራራው ጎን ሲፈጠርም ጥቂት ዲግሪ ያዘነበለ ነበር። ያንን ዝንባሌ «አስተካክላለሁ» ካላችሁ ትክክለኛውን ውጤት ታበላሻላችሁ። ስለዚህ ዝንባሌን ከላቫው ወለል ብቻ አትውሰዱ። በላቫዎቹ መካከል ውሃ ያነጠፈው ደለል ካለ እሱን ለኩ፤ ሲነጠፍ አግድም ነበርና። ከሌለ ሁለቱንም ስሌት፣ የተስተካከለውንም ያልተስተካከለውንም፣ አቅርቡ።

## ደረጃ 5፦ የዕድሜ ናሙና

ዕድሜ የሌለው አቅጣጫ ፍጥነት አይሰጥም። ቢያንስ ከታችኛው፣ ከመካከለኛውና ከላይኛው ላቫ 2 ኪሎ ግራም ያህል ትኩስ ድንጋይ ለአርጎን ምርመራ ለዩ። አቅጣጫ አያስፈልገውም፤ ንጽሕና ግን ያስፈልገዋል። የአየር ቀዳዳ የሌለውን፣ የዛገ ነጥብ የማይታይበትን ብቻ። የበሰበሰ ድንጋይ አርጎኑን ስለሚያፈስ ዕድሜው ከእውነተኛው ያንሳል። ከዚያው መግነጢሳዊ ናሙና ከተወሰደበት ላቫ ይሁን። «ከአጠገቡ» አይበቃም።

## ደረጃ 6፦ ማሸግ

እያንዳንዱን ኮር በወረቀት ጠቅልላችሁ በፌስታል፣ ቁጥሩ ከውስጥም ከውጭም። መኪና ውስጥ ከስፒከሩ አርቁት፤ ስፒከር ትልቅ ማግኔት ነው። በየማታው የደብተሩን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ።

## ደረጃ 7፦ ላብራቶሪ

የመለኪያ ባለሙያ ስለሚያግዛችሁ አጭር ልሁን። ኮሩ 2.2 ሴንቲ ሜትር ቁመት ሆኖ ይቆረጣል። ከዚያ መግነጢሱ በሙቀት ወይም በተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ደረጃ በደረጃ ይገፈፋል። የማግኔታይት መግነጢስ 580 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ያልቃል፤ እስከ 675 ገደማ የቀጠለ ካለ ሄማታይት የተባለው ሌላ የብረት ማዕድን ነው፤ ሄማታይቱ በኋላ በዝገት የመጣ ሊሆን ይችላል። የምትፈልጉት መጨረሻ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ዜሮ የሚሄደውን መስመር ነው። መጀመሪያ ላይ የሚገፈፈው ብዙ ጊዜ የዘመናችን መስክ ያስቀመጠው ልባስ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን ልዩ ችግር አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል፤ የአዲስ አበባው ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1958 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ስለዚህ የዛሬው መስክ ሸዋ ላይ አግድም ለማለት የቀረበ ሆኖ ወደ ሰሜን ያመለክታል። የጥንቱ ላቫም አፍሪካ ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ ሳለች ስለቀዘቀዘ ተመሳሳይ አቅጣጫ ሊያሳይ ይችላል። አዲሱን ልባስ እንደ ጥንት ቆጥሮ መሸወድ ቀላል ነው። መድኃኒቱ የተገለበጡ ላቫዎች ናቸው፤ መስኩ በተገለበጠበት ዘመን የቀዘቀዙና ወደ ደቡብ የሚያመለክቱ። የዛሬ መስክ እነዚህን ሊፈጥር አይችልም። የሰሜኑና የደቡቡ ቡድን አማካይ ልክ 180 ዲግሪ ከተቃረነ ልባሱ ተገፎ አልቋል ማለት ነው። የተገለበጠ ላቫ እስክታገኙ ድረስ ክምሩን መውጣት አታቁሙ።

## ደረጃ 8፦ ስሌት

እዚህ ላይ ዝንባሌ የምንለው የላቫውን ሳይሆን የመግነጢሱን ነው፤ አቅጣጫው ከአግድም ወደ ታች የሚያዘነብልበት ማዕዘን። ቀመሩ ይህ ነው፦ የዝንባሌው ታንጀንት ከኬክሮሱ ታንጀንት ሁለት እጥፍ ጋር እኩል ነው። ለደብረ ብርሃን፣ 9.7 ዲግሪ ሰሜን፣ በረጅም ጊዜ አማካይ የሚጠበቀው ዝንባሌ 19 ዲግሪ ገደማ ይሆናል።

ለልምምድ አንድ ቁጥር እንውሰድ። የላቫዎቻችሁ አማካይ ዝንባሌ 4 ዲግሪ ወጣ እንበል። የድሮው ኬክሮስ 2 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ 7.7 ዲግሪ፤ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 855 ኪሎ ሜትር ያህል። ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ከሆነ በዓመት 2.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን።

አሁን ስህተቱን ጨምሩ። በምድር ወገብ አጠገብ የ5 ዲግሪ የዝንባሌ ስህተት 2.5 ዲግሪ የኬክሮስ ስህተት ነው፤ ማለትም ወደ 280 ኪሎ ሜትር። ያለ ስህተት ወሰን የተጻፈ ፍጥነትን ፈታኝ አይቀበለውም፤ ልክም ነው። ልብ በሉ፦ ይህ ዘዴ የሰሜን ደቡብ ጉዞን ብቻ ነው የሚያሳየው። የምሥራቅ ምዕራብ ጉዞ አይታየውም።

ውጤቱ እንግዳ ሲሆን፦

- *አንድ ላቫ ብቻ ከሌሎች 40 ዲግሪ ራቀ።* መስኩ እየተገለበጠ ሳለ የቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። ለአማካይ አታስገቡት፤ ግን ሪፖርት አድርጉት።
- *አምስት ተከታታይ ላቫዎች አንድ ዓይነት አቅጣጫ አላቸው።* በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከታትለው ፈስሰው ይሆናል። እንደ አንድ ቁጠሯቸው።
- *አንድ ቦታ ሁሉም ተበታትኖ፣ የመግነጢሱ ጉልበት ደግሞ ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ነው።* መብረቅ ነው። ቦታው ከነናሙናው ይሰረዝ።
- *ዝንባሌው ልክ፣ ዴክሊኔሽኑ (አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ጎን የራቀበት ማዕዘን) ግን ዞሯል።* ቁልቁለቱ ላይ ከሆነ ብሎኩ ዞሯል። አምባው ላይ ከሆነ ደብተሩን ክፈቱና የሰዓቱን አጻጻፍ እንደገና እዩ።
- *ከየመን ባዛልት ጋር ስታነጻጽሩ ከአለቶቹ አቅጣጫ የተሰሉት የጥንት መግነጢሳዊ ዋልታዎች አልገጠሙም።* የየመኑ ላቫ ከእኛው ጋር ተቀራራቢ ዕድሜ አለው፤ ዓረቢያን ወደ አፍሪካ መልሳችሁ ቀይ ባሕርን ስትዘጉ ሁለቱ ዋልታዎች ሊቀራረቡ ይገባል። ካልተቀራረቡ ስለ ፕሌቶቹ አዲስ ነገር አገኘሁ ከማለታችሁ በፊት ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና ያስተካከላችሁትን የላቫ ዝንባሌ ለእያንዳንዱ ላቫ አንድ በአንድ እንደገና መርምሩ።